ጣርማበር ላይ ሙቀት የሚያነሳ ኮሮላ፦ ቴርሞስታቱን ላስወልቅ?

የበሬሳ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። መኪና የሚገባችሁ እስኪ አንድ በሉኝ፣ ጭንቅላቴ ዞሯል።

መኪናዋ ኮሮላ ናት። እ.ኤ.አ. የ2004 ስሪት፣ 1.3 ቤንዚን፣ ማንዋል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ ስለምነግድ ሸዋ ሮቢት ቶሎ ቶሎ እወርዳለሁ። ስወርድ ምንም የለም። ሮቢት ከተማ ውስጥ በዚያ ሁሉ ሐሩር ቆማ ስትሠራ እንኳ የሙቀት ጌጁ ከመሀል ንቅንቅ አይልም። መከራው ስመለስ ነው። አርማኒያን እስካልፍ ደህና ናት፣ ደብረ ሲና አካባቢ ጌጁ ቀስ እያለ መነሳት ይጀምራል፣ ከዚያ የጣርማበር ዋሻ ጋ ልደርስ ስል ቀዩን ሊነካ ምንም አይቀረው። ቆሜ ኮፋኖውን ስከፍት ያቺ የትርፍ ውኃ መያዣ ፕላስቲክ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች፣ አንዳንዴም ሞልታ ትፈስሳለች። ዋሻውን አልፌ ሜዳው ላይ ስገባ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጌጁ ይወርዳል።

ሌላም የታዘብኩት አለ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ራድያተሩን ከፍቼ ሳይ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ፕላስቲኳ ግን ሙሉ ናት። የላይኛው ጎማ ቱቦ ደግሞ ሰው የጨመቀው ይመስል ጠፍጠፍ ብሏል። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ጠዋት ሳስነሳት ነጭ ጭስ አላት፣ የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥም እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ነገር ተለጥፏል።

አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ሜካኒኩ ጭሱንና ክዳኑን አየና "የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ቴስታታው ይወርዳል" አለኝ፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) ማሸጊያ ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ "ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራድያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን በር) አውጥተህ ጣለው፣ እዚህ አገር አያስፈልግም" ይላል። አሁን ውስጧ ያለው የቧንቧ ውኃ ነው። ቴስታታ ከማስወረዴ በፊት ምን ምን ልይ?

ሮቤ፦

ወንድሜ አትጨናነቅ፣ አስወልቀው። እኔ ሮቢት ነው ያለሁት፤ የኔም የጎረቤቶቼም መኪና ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለውም፣ ሰላም ነን። ፋኑንም ከቁልፉ ጋር ቀጥታ አስገናኘው፣ መኪናዋ ስትነሳ አብሮ ይነሳ። አለቀ።

ጋራዥ ደብር፦

ሮቤ፣ ሮቢት ስለሆንክ ነው ጉዳቱ ያልታየህ። እዚህ ደብር (ደብረ ብርሃን) ላይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እስኪሞቅ ቀኑ ይመሻል። ሳይሞቅ ሲሠራ ኮምፒውተሩ "ገና ቀዝቃዛ ነኝ" እያለ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ ሂተሩም በውርጭ ሰሞን ቀዝቃዛ አየር ይነፋብሃል። ደግሞ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ሁለተኛ ዲስክ አለው። ዋናው በር ሲከፈት ያቺ ዲስክ ውኃው ራድያተር ሳይገባ የሚዞርበትን አቋራጭ ትዘጋለች። አውልቀህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ውኃው ግማሹ ራድያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሙቀት ላጥፋ ብለህ ሙቀት ገዛህ ማለት ነው።

ወደ ባለጉዳዩ ልምጣ። የበሬሳ ልጅ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም መቼ እንደምትሞቅ ነግረኸናል። ብዙ ሰው "ትሞቃለች" ብቻ ብሎ ነው የሚመጣው። ቆማ ወይም በሰልፍ ስትንፏቀቅ የምትሞቅ፣ መንገድ ስታገኝ የምትቀዘቅዝ መኪና ካለች መጀመሪያ ፋኑን እይ፤ ሞተሩ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሶኬቱ። ስትሄድ ወይም ዳገት ስትወጣ የምትሞቅ ከሆነች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ራድያተር፣ ቴርሞስታት፣ ውኃ ፓምፕና ክዳን ነው የሚፈተሸው። ያንተ መኪና ሮቢት ላይ ቆማ አለመሞቋ ፋኑን ነጻ አውጥቶታል። ስለዚህ ፋኑን ቀጥታ ማገናኘት የሚባለውን እርሳው።

አሁን የኔን ግምት ልንገርህ። መጀመሪያ የምጠረጥረው የራድያተሩን ክዳን ነው። አዎ፣ ያንን ርካሽ ክዳን።

ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ግፊት መያዝ ነው። ውኃው ሲሞቅ ያብጣል፣ ትልቁ ስፕሪንግ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይይዘዋል፣ ሲበዛበት ትርፉን ወደ ፕላስቲኳ ይለቃል። ሁለተኛው ማታ የሚሠራው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራድያተሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ትከፈትና ውኃው ከፕላስቲኳ ተመልሶ ይገባል። አንተ ጋ ፕላስቲኳ ሙሉ ሆና ራድያተሩ ይጎድላል፣ ቱቦውም ተጨምቆ ያድራል። ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች ማለት ነው። እሷ እንዲህ ከሆነች ግፊቱን የሚይዘው የክዳኑ ጎማም ደህና መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ሮቢት ላይ ለምን ዝም እንደምትል ደግሞ እዚህ ላይ ልብ በል። ውኃ ክፍት ድስት ውስጥ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ 96 አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች 90 ወይም 91 ላይ። ጣርማበር አናቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከ90ም ሊወርድ ይችላል። ፋን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ደግሞ 93 እና ከዚያ በላይ ላይ ነው። ደህና ክዳን 0.9 ባር ግፊት ሲይዝ መፍያውን ሃያ ምናምን ዲግሪ ይጨምርልሃል፣ ስለዚህ ችግር የለም። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን ጣርማበር ላይ ውኃህ ፋኑ ገና ሳይነሳ ይፈላል! ሮቢት ላይ ያችው የሞተች ክዳን ልታሳልፍህ ትችላለች። ዳገቱ ሞተሩን በሚያስጨንቅበት ቦታ ላይ አየሩም ይሳሳብሃል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡብህ።

ጭሱንና አረፋውን በተመለከተ፣ ቴስታታ አይደለም አልልህም። በነዚህ ሁለት ምልክቶች ብቻ ቴስታታ ማውረድ ግን ግፍ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ጠዋት ነጭ እንፋሎት የማያወጣ መኪና አሳየኝ። ሞተሩ ሞቆም፣ ረፋድ ላይም ካላቆመ ያኔ እንነጋገራለን። አረፋውም እንደዚያው፣ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና በብርድ አገር ክዳኑ ሥር እርጥበት ይቋጥራል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘህ እየው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና ልኩ ካልጨመረ ክዳኑን ጥረገውና ተወው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ እንዲህ አድርግ። ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ራድያተሩን እስከ አፉ ሙላና ክዳኑን ሳትገጥም አስነሳት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ሊወጣ ይችላል፣ የተቀበረ አየር ነው። ግን ደቃቅ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣና ቤንዚን ስትሰጣት ከበዛ ጓርኒሲዮን ነው። ክዳኑን ገጥመህ ስታስነሳም የላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ፣ በደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ከጠጠረ ያው ነው። ጥሩ ጋራዥ ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ አለው፣ በራድያተሩ አፍ ላይ ይደረግና የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ይውረድ ያለህን ሰው ይህን አሳየኝ በለው።

ሮቤ፦

እሺ ክዳኑ ይሁን። ግን ቴርሞስታቱ ራሱ ተጣብቆ ቢሆንስ? እኛ እኮ ዝም ብለን አይደለም የምንጥለው፣ አፍልተን ሞክረን አልከፈት ሲል ነው።

ጋራዥ ደብር፦

ጥሩ አመጣኸው። ድስት ውስጥ አፍልቶ መሞከር ትክክል ነው፣ ግን እዚህ ከፍታ ላይ ያታልላል። ብዙው የኮሮላ ቴርሞስታት 82 ተብሎ ይጻፍበታል። እዚያ አካባቢ መከፈት ይጀምራል እንጂ እስከ ጫፉ የሚከፈተው 95 ገደማ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ድስት ደግሞ ከ91 አያልፍም! ስለዚህ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ሲቆም "ሞቷል" ብለው ይጥሉታል። 88 የተጻፈበት ከሆነማ ትንሽ ሰንጠቅ ብሎ ነው የሚቀረው። ሲከፈትና ሲቀዘቅዝ ሲዘጋ ካየኸው ሰላም ነው። ፈጽሞ ካልተነቃነቀ ቀይረው፣ ግን በአዲስ ቀይረው።

መኪናው ላይ እንዳለም ማወቅ ይቻላል። ጌጁ እየወጣ የላይኛው ቱቦ የሚያቃጥል፣ የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይ ራድያተሩ ተደፍኗል።

አባ ጣርማበር፦

ልጆች፣ እኔ ሜካኒክ አይደለሁም፣ ሾፌር ነኝ። በዚህ መስመር ነው ያረጀሁት፣ አባዱላም ዶልፊንም ነድቻለሁ። ክዳን የተባለው ልክ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጨምር፤ ገለባ።

በውቂያ ሰሞን ከሮቢት እስከ ደብር መንገዱ ዳር ሁሉ አውድማ ነው። የጤፉ፣ የገብሱ ገለባ በነፋስ እየተነሳ መኪና ፊት ላይ ይለጠፋል። ከፊት ስታየው ራድያተሩ ንጹሕ ነው። እሱ ግን ራድያተሩ አይደለም፣ የኤሲው ነው። ኤሲ ያላቸው መኪኖች ላይ ራድያተሩ ከኋላ ነው ያለው፣ ገለባው በሁለቱ መሀል ይገባና እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትተህ ራድያተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል አድርገህ በባትሪ ብርሃን ግባበትና እይ። ብዙ ሾፌር ራድያተር አሳጠብኩ ይላል፣ ያሳጠበው የፊቱን ነው። ውኃ ስትለቅበት ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ግፋው፣ በኃይለኛ ማጠቢያ ግን ተጠግተህ አትምታው፣ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ ከተኙ ደግሞ አየር አያሳልፉም።

አነዳዱም ላይ አንድ ነገር ልበል። ወጣቶቹ ዳገት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በትልቅ ማርሽ እያቃሰቱ ይወጣሉ። ውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከዘገመ ውኃው ይዘገማል። ከደብረ ሲና በላይ ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ ይዘምር፣ ፔዳሉን እስከ ወለል አትርገጥ። ከፍታው ራሱ ጉልበት ይወስዳል፣ አትሟገተው። ጌጁ ከመሀል ሲነሳ ካየህ ኤሲ አጥፋ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ መስኮት አውርድ። ይለበልብሃል፣ ሞተሩን ግን ያተርፍልሃል፣ ሂተር ትንሽ ራድያተር ነው። አሁንም ከወጣ ቀዩ ጋ ሳይደርስ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም። ኩርባ ላይ አትቁም፣ ከኋላህ ሲኖትራክ አለ።

ቆመህም የፈላውን ክዳን እንዳትነካ። ፊቱን የተቃጠለ ረዳት አውቃለሁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ቱቦውን በጨርቅ ጨብጠህ ሲለሰልስ ብቻ በጨርቅ ሸፍነህ ቀስ ብለህ ፍታው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፋ፣ ቴስታታው ይጣመማል። ያኔ ሜካኒኩ የተነበየልህ ይደርሳል።

ውርጭ፦

ማንም ስለ ቧንቧ ውኃው አላነሳም። የበሬሳ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን እየኖርክ ባዶ ውኃ? በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 ከመቶ ገደማ ያብጣል፣ ራድያተሩንም ብሎኩንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ኩላንት (ውኃው እንዳይረጋና እንዳያዝግ የሚጨመረው ፈሳሽ) እና የተጣራ ውኃ እኩል ሲደባለቅ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይረጋም። መፍያውንም በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ዝገቱን መከላከሉ ነው። የቧንቧና የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ኖራ በቀጭኖቹ የራድያተር ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት፣ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ገበያ ላይ ቀለም የተነከረ ውኃ ኩላንት ተብሎ ይሸጣል። አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። መለኪያ ያለው ባለሙያ ጋ ወስዳችሁ አስለኩት። የተለያየ ዓይነትም አትቀላቅሉ፣ አሮጌውን አስወጥታችሁ አጥባችሁ አንዱን ሙሉ። ሁለተኛው፣ ኩላንት ይጣፍጣል፣ መርዝ ግን ነው። ደጅ ላይ አፍስሳችሁ አትተዉት፣ ውሻም ልጅም ይልሰዋል።

የበሬሳ ልጅ፦

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የአረፋውን ፈተና ጠዋት አደረግኩት። መጀመሪያ ጥቂት ወጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ ቤንዚን ስሰጣትም ምንም። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ነው። ክዳኑን አገላብጬ ሳየው የታችኛው ጎማ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፣ መሀሏ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍሬ ስስባት ንቅንቅ አትልም፣ በዝገት ተጣብቃለች። ጋራዥ ደብር፣ እጅህን ሳመው።

አባ ጣርማበር ደግሞ የርስዎ ገለባ! ራድያተሩን ጋደል ሳደርገው በመሀል የታችኛውን ግማሽ ሙሉ ሸፍኖት ነበር። ገለባ፣ ላባ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ የሞተ አንበጣ ሳይቀር። በእጄ ስስበው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ወጣ። ከፊት በኩል ሲታይ አንድ ፍሬ ገለባ አልነበረም።

አዲስ ክዳን ገዛሁ። ሻጩ 1.1 የተጻፈበት አምጥቶ "ይሄ ይበልጣል፣ ጠንካራ ነው" ሲለኝ አሮጌውን አሳየሁትና 0.9 የሚል ወሰድኩ። ልክ ነኝ? ኩላንትም አስገብቻለሁ። ቴርሞስታቱን አልነካሁትም። ጓደኛዬ ስልክ ላይ የሚያሳይ ስካነር ሰጥቶኝ ከሮቢት ስወጣ እያየሁ መጣሁ፤ ዋሻው ጋ ከፍ ያለው 98 ነው፣ ሜዳው ላይ 90 ገባ። ቡልቅታ የለም።

ጋራዥ ደብር፦

ልክ ነህ፣ የነበረውን ቁጥር ነው የሚገዛው። ያረጀ ራድያተር ላይ ግፊት ብትጨምርበት ቀጥሎ የሚፈነዳው የፕላስቲክ ጫፉ ወይም የሂተሩ ቱቦ ነው። ባዶነቱ ሲጨምቀው የከረመውን የላይኛውን ቱቦም እጠፍ እያደረግክ እየው፣ ስንጥቅ ካለው ቀይረው።

98 በዚያ ዳገት ላይ ጤነኛ ነው። ከ105 በላይ ሲሄድ ካየህ ዘና አትበል፣ 110 ከሆነ ቁም። ስካነሩን ከጌጁ በላይ እመነው። የኮሮላ ጌጅ ሰፊ ክልል ውስጥ መሀል ላይ ተኝቶ ነው የሚቆየው፣ እሱ መነሳት ሲጀምር ሙቀቱ ቀድሞ ሄዷል።

ኩላንት ስታስገባ አየሩን አስወጥተሃል? መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁማት፣ ሂተሩን ሙሉ ክፈት፣ ክዳኑ ሳይገጠም ትሥራ። ግን ደብር ላይ ክዳን ሳይገጠም ብዙ ከሞቀች ትፈላለች፣ ስለዚህ ቴርሞስታቱ መከፈቱን እንዳየህ፣ ማለትም የታችኛው ቱቦ እንደሞቀ ክዳኑን ግጠም፣ ፋኑን ከዚያ በኋላ ጠብቅ። በማግስቱ ጠዋት ልኩን እይ፣ ከጎደለ ሙላ።

ሮቤ፦

እኔስ? ቴርሞስታት የለኝም፣ ሰሞኑን ደብረ ሲና ልደርስ ስል ጌጁ ወጣ ወጣ ብሎ ድንገት ወደ ቀዝቃዛው ወረደ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሂተሩ ግን ቀዝቃዛ ይነፋል።

ጋራዥ ደብር፦

ኧረ ሮቤ፣ አትነዳት! ያ መቀዝቀዝ አይደለም። ውኃው ሲያልቅ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል፣ ጌጁ ይወርዳል፣ ሂተሩም የሚያሞቀው ውኃ ስለሌለ ቀዝቃዛ ይነፋል። ሞተሩ ግን ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው። ሲቀዘቅዝ ክፈትና ልኩን እይ፣ ውኃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም ተመልከት፣ ከሷ ዝገት የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ ፓምፑ ሄዷል። የመኪናህን ዓይነትና ሞተር ጻፍልኝ፣ ቴርሞስታቱንም አብረን እንመልሰዋለን።